ከፔሩ ተመለስን፦ ኩስኮ ላይ ወደቅሁ፣ ቺቻ ቤት ተነሣሁ

የሽሮ ሜዳ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እኔና ባለቤቴ በግንቦት ወር ለአሥራ አንድ ቀን ፔሩ ቆይተን ተመልሰናል። ከመሄዴ በፊት እዚህ ብዙ ጠይቄ ብዙ ተመልሶልኛልና አሁን ተራው የእኔ ነው። ጽሑፉ ይረዝማል፤ ቡና አቅርባችሁ አንብቡት።

በውርደቴ ልጀምር። ሽሮ ሜዳ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። እንጦጦን በልጅነቴ ስንት ጊዜ እንደወጣሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ስለዚህ ሰው ሁሉ «ኩስኮ ከፍታ ላይ ናት፣ ተጠንቀቅ» እያለ ሲመክረኝ በሆዴ እስቅ ነበር። ከፍታ ለእኔ ይነገራል? ኩስኮ እንደደረስን ሻንጣዎቹን በሁለት እጄ አንጠልጥዬ የእንግዳ ማረፊያውን ሦስት ፎቅ በአንድ ትንፋሽ ወጣሁ። ወርጄም አንቲኩቾ የሚሉትን፣ በእንጨት ተሰክቶ የተጠበሰ የበሬ ልብ በላሁ፤ ቢራም ጨመርሁበት። ሌሊቱን ጭንቅላቴ እንደ በርበሬ ሲወቀጥ አደረ። አዳማ ያደገችው ባለቤቴ ግን ድብን አድርጋ ተኝታ ተነሣችና «የእንጦጦው ጀግና እንዴት አደርክ?» አለችኝ።

ሒሳቡ ቀላል ነበር። ኩስኮ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንጦጦ አናት ላይ ቆማችሁ ሌላ ሁለት መቶ ሜትር ጨምሩበት። እኔ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት የኖርሁት ሜሪላንድ ውስጥ ነው፤ ሳንባዬ ዜግነቱን ከቀየረ ቆይቷል።

ያረፍንበት ቤት እመቤት ሁኔታዬን አይተው በእጃቸው ወደ ታች አመለከቱን፤ «ውረዱ» ማለታቸው ነው። ወደ ኡሩባምባ ሸለቆ ወረድን። ኦያንታይታምቦ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በማግስቱ ሰው ሆንሁ። የምመክራችሁ ይህንን ነው፦ ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ወደ ሸለቆው ውረዱ፣ ኩስኮን ለመጨረሻ አቆዩአት። ማቹ ፒቹ (ያ ዝነኛው የጥንት ከተማ ፍርስራሽ) ራሱ 2,430 ሜትር ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጋር ይተካከላል ማለት ይቻላል። ሰው ማቹ ፒቹን ሲፈራ የሚወድቀው ኩስኮ ላይ ነው።

ኦያንታይታምቦን አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ልናያት አስበን ሦስት ቀን ተቀመጥንባት። ስፔናውያን ከመምጣታቸው በፊት አገሩን የገዙት ኢንካዎች የቀየሷት ከተማ ናት፤ ዛሬም ሰው ይኖርባታል። በጠባቡ መንገድ ዳር በድንጋይ ቦይ ውኃ ቀንና ሌሊት ይወርዳል፣ ልጆች የወረቀት ጀልባ ይሰዱበታል። ከላይ ባለው ምሽግ ውስጥ ስድስት ግዙፍ ድንጋዮች ጎን ለጎን ቆመዋል። ድንጋዮቹ የተፈለጡት ከወንዙ ማዶ ካለ ተራራ ላይ ነው። ቁልቁል ተጎትተው፣ ወንዙን ተሻግረው፣ እንደገና ሽቅብ ወጥተዋል፤ ያውም ያለ ብረት መሣሪያ፣ ያለ መንኮራኩር። ሁሉም ግን አልደረሱም። በመንገድ የቀሩ ድንጋዮች ዛሬም ሜዳው ላይ ተጋድመው ይታያሉ፤ የአገሩ ሰው «የደከሙ ድንጋዮች» ይላቸዋል። እኔም ከኩስኮ ሌሊት በኋላ ወገኖቼ መሆናቸውን ወዲያው ተረዳሁ።

ስለ ማቹ ፒቹ ሰው ሁሉ ስለሚጽፍ አላረዝምም። ያምራል፤ ፎቶግራፉ አይዋሽም። የእኔን ስሕተት ብቻ ልንገራችሁ። አሁን መግቢያው በሦስት የጉብኝት መስመሮች ተከፍሏል። ትኬት ሳልቆርጥ ሄጄ ኩስኮ ውስጥ አንድ የመንገድ ዳር ወኪል «ሁሉም አንድ ነው» ብሎ የሦስተኛውን መስመር ሸጠልኝ። ሦስተኛው የሚሄደው በታችኛው ክፍል ነው፤ ያንን ሁሉም ሰው የሚነሣውን ከላይ የሚታይ ፎቶግራፍ አታገኙበትም። ሁለተኛውን ከፈለጋችሁ ከወራት በፊት በባህል ሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ቁረጡ። ከገባችሁ በኋላ ውስጥ መጸዳጃ ቤት የለም፣ ምግብም ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ ጉዳያችሁን በር ላይ ጨርሱ።

አሁን ወደ ምወደው ልምጣ። ከኡሩባምባ ስንመለስ አንድ የጭቃ ቤት ደጃፍ ላይ ረጅም እንጨት ቆሞ ጫፉ ላይ ቀይ ፌስታል ታስሮበት አየሁ። ታክሲ ነጂውን ምን እንደሆነ ብጠይቀው በአውራ ጣቱ የመጠጣት ምልክት አሳየኝ። በአገራችን እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቶ ሲታይ «ጠላ አለ» ማለት አይደለም? ይህም ያው ነው፤ «ቺቻ አለ» ማለት ነው። ገባን። ወለሉ አፈር ነው፣ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ምድጃው ሥር ኩይ የሚሏቸው ትንንሽ ጠጉራም እንስሳት እየጮኹ ይሯሯጣሉ። ሴትዮዋ ከእንስራ የሚመስል የሸክላ ዕቃ እየቀዱ ግማሽ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ ሞልተው ሰጡን። ከመጠጣታችን በፊት ጥቂት ጠብታ መሬት ላይ እንድናፈስ አሳዩን፤ ለምድር እናት ነው። መልኩ ደፍረስ ያለ ቢጫ፣ አረፋው ወፍራም፣ ጣዕሙ ኮምጠጥ ያለ። ጌሾ የለውም እንጂ ዓይኔን ጨፍኜ ብጠጣው የአክስቴ ቤት በደረስሁ ነበር። ከምን እንደሚሠራ በምልክት ብጠይቃቸው እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። በጆንያ ላይ የተሰጣ የበቆሎ ብቅል! ቡቃያው ገና አልረገፈም። ስንመለስ ሳህን ላይ የተቆላ በቆሎ አቀረቡልን፤ ካንቻ ይሉታል። ቆሎ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ጥያቄ ካላችሁ አለሁ።

መንገድ ወዳድ

ወንድሜ፣ በጣም አመሰግናለሁ። እኔ ከፍራንክፈርት በነሐሴ መጀመሪያ እሄዳለሁ። ችግሬ ጾመ ፍልሰታ ነው። ጓደኞቼ «መንገደኛ አይጾምም» ይሉኛል፤ እኔ ግን እስካሁን ፈትቼው አላውቅምና እዚያ አልጀምረውም። ሥጋ፣ ወተት፣ ዕንቁላል የሌለበት ምን ይበላል? ዓሣ ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ክርክር እዚህ እንዳትጀምሩብኝ፤ እኔ አልበላም። ስለዚህ ሴቪቼም (ያ በሎሚ የሚዘጋጀው ጥሬ ዓሣ) ቀረብኝ ማለት ነው።

ሌላው፣ ትኬቱ ላይ ስም እንዴት ይጻፋል? የእኔ ፓስፖርት ላይ የአባቴ ስም ከእኔው ስም ጋር አንድ መስመር ላይ ነው፣ የአያቴ ደግሞ የቤተሰብ ስም ቦታ ላይ ተጽፏል። ከዚህ በፊት በዚህ ምክንያት አንድ አየር ማረፊያ ላይ አሳሬን አይቻለሁ።

የሽሮ ሜዳ ልጅ

እህቴ፣ ስሙን ፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈው አንድ ፊደል ሳታጓድይ ሙዪ፤ ወደ ማቹ ፒቹ በሚወስደው ባቡርም በመግቢያው በርም ላይ ፓስፖርትና ትኬት አስተያይተው ነው የሚያሳልፉት። የእኔን የአያት ስም ወኪሉ ቆርጦት ነበርና በሩ ላይ አሥር ደቂቃ ያህል ስለ አያቴ ማስረዳት ነበረብኝ።

ስለ ጾሙ አትስጊ፣ ድንች አገር ነው የምትሄጂው። ግን ተጠንቀቂ፦ የኪኑዋ ሾርባ ብዙ ጊዜ በዶሮ መረቅ ይሠራል፣ አይብም ይገባበታል። ዋንካይና የሚሉት ቢጫ ስጎ የፈሰሰበት ድንች አይብና ወተት አለው። አራት ቃል ያዢ፦ «ሲን ካርኔ፣ ሲን ሌቼ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ኡዌቮ»፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ አይብ፣ ያለ ዕንቁላል። ጣፋጭ ካማረሽ ፒካሮኔስ አለልሽ፤ ከዱባና ከስኳር ድንች ሊጥ ተጠብሶ ሽሮፕ የሚፈስበት ቀለበት ነው። ከጥቁር ሐምራዊ በቆሎ የሚሠራው ቺቻ ሞራዳም አልኮል የለውም፤ ቀረፋና ቅርንፉድ ይገባበታል። ባለቤቴ በቀን ሁለት ጊዜ ትጠጣው ነበር።

ሮኮቶ ከሚባለው ቃሪያ ግን ራቂ። ቀይ ቲማቲም ይመስላል፣ ፍሬው ጥቁር ነው። «እኛ በሚጥሚጣ ያደግን» ብሎ መኩራራት ከፍታው ላይ ያደረገኝን ነው የደገመልኝ።

ነርሷ ከዳላስ

በሽሮ ሜዳው ወንድማችን ብስቅም ነገሩ የሚያስቅ ብቻ አይደለም። በየጊዜው «እኛ ደገኞች ነን፣ አይነካንም» የሚል ሰው ያጋጥመኛል። እውነት ነው፣ በሰሜን ተራሮች 3,500 ሜትር ገደማ ላይ በሚኖሩ ወገኖቻችን ላይ የተደረገ ጥናት አስገራሚ ነገር አሳይቷል። የአንዲስ (የእነፔሩ ተራሮች) ሰዎች በከፍታ ሲኖሩ ደማቸው ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን ይበዛል፤ የእኛዎቹ ግን ባሕር ዳርቻ እንደሚኖር ሰው ያህል ብቻ ይዘው በደንብ ይኖራሉ። ይህ ግን እዚያው ተወልዶ እዚያው ለሚኖር ነው። ዳላስ ወይም ሜሪላንድ የከረመ ሰው ሰውነቱ ከፍታውን ረስቷል፤ እንደገና ለመልመድ ቀናት ይፈልጋል።

የመጀመሪያውን ሁለት ቀን በዝግታ ሂዱ፣ ውኃ ጠጡ፣ አልኮል ተዉ፣ እራት ቀለል ይበል። አሴታዞላማይድ የሚባል መድኃኒት አለ፤ በሐኪም ትእዛዝ ከመውጣታችሁ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይጀመራል። ጣት ያደነዝዛል፣ የለስላሳ መጠጥ ጣዕም ያበላሻል፤ አትደንግጡ። የሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ግን ለሐኪሙ ይንገር። ራስ ምታት ቀላል ነው። ሰው ቀጥ ብሎ መራመድ ካቃተው፣ ግራ ከተጋባ፣ ወይም ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረው ግን ሻይ ማፍላት የለም፤ ያኔውኑ ወደ ታች ማውረድ ነው።

የሌሊት ሾፌር

ሻይ ካነሣችሁ አይቀር። በየሆቴሉ መግቢያ ላይ የኮካ ቅጠል በሙቅ ውኃ ተዘፍዝፎ ይቀመጣል፣ በነፃ ነው። እዚያ አገር ሕጋዊ ነው፣ ሰዉ ከጥንት ጀምሮ የሚጠቀምበት ቅጠል ነው፣ ምንም ክፉ ነገር የለውም። ነገር ግን እንደ እኔ አሜሪካ ውስጥ አውቶቡስ የምትነዱ፣ መሥሪያ ቤታችሁ በድንገት ሽንት የሚመረምራችሁ ወንድሞችና እህቶች ስሙኝ። አንድ ሲኒ ሻይ ምርመራው ላይ ኮኬይን ብሎ ሊወጣ ይችላል። «ሻይ ነው የጠጣሁት» ማለት መንጃ ፈቃድ አያስመልስም። እኔ ሙኛ የሚባለውን ሻይ ነው የጠጣሁት፤ ሽታው ናና ይመስላል፣ ለሆድም ጥሩ ነው። ቅጠሉንም ሆነ ከረጢቱን ለማስታወሻ ብላችሁ ወደ አሜሪካ እንዳታስገቡ፤ ክልክል ነው።

ላሊበላን ያላየ

አትቀየሙኝ፤ ግን እንደምን ያለ ዘመን ላይ ደረስን። ላሊበላን ሳያዩ፣ ይምርሐነ ክርስቶስን ሳያውቁ፣ የኮንሶን እርከን በስም እንኳን ሳይሰሙ የሰው አገር ድንጋይ ለማየት ውቅያኖስ መሻገር! ለዚያ ያወጣኸው ገንዘብ ስንት የአገር ቤት አስጎብኚ ባበላ ነበር።

የሽሮ ሜዳ ልጅ

ጋሼ፣ ስምዎ ራሱ «ላሊበላን ያላየ» ነው፤ እኔን ነው ወይስ ራስዎን? እኔስ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ኮንሶንም አባቴን ይዤ ሄጃለሁ። ቢሆንም ነጥብዎ እውነት ስላለው አልሟገትዎትም። የምለው አንድ ብቻ ነው፦ ፒሳክ ላይ ሆኜ እርከኑን ቁልቁል ሳይ ኮንሶ ትዝ ብሎኝ ዕንባ መጣብኝ። ባልሄድ ኖሮ የኮንሶን እርከን እንደዚያ አላስበውም ነበር። ኮንሶ ሄጄ ፎቶግራፍ አንሥቼ ነው የተመለስሁት። ፒሳክ ላይ ግን አስጎብኚው የእርከኑን ሆድ ዕቃ አስረዳን፤ ከታች ትልልቅ ድንጋይ፣ ከዚያ ጠጠርና አሸዋ፣ ከላይ ለም አፈር፤ ዝናቡ እንዲሰርግና ግድግዳውን እንዳይገፋው ነው። የኮንሶ አባቶች የእነርሱን እንዴት እንደሚሠሩት አለመጠየቄ ያኔ ቆጨኝ።

ግንበኛው

ሙያዬ ስለሆነ ልግባበት። ላሊበላንና ኩስኮን ማወዳደር የተለመደ ነው፣ ግን ሥራው ተቃራኒ ነው። ላሊበላ መቀነስ ነው፤ ከአንድ አለት ላይ የማይፈለገውን አውጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ማስቀረት። አንድ ጊዜ ከተሳሳትክ የተቆረጠውን አትመልሰውም። ኩስኮ መደመር ነው፤ ብዙ ድንጋይ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ አንዱን በአንዱ ልክ ማሳረፍ። ከወንዝ በወጣ ጠንካራ ድንጋይ እየቀጠቀጡ ነው ያለሰለሱት፤ ከቀረብህ የቅጥቀጣው ጠባሳ ይታይሃል።

ከኩስኮ ከፍ ብሎ ያለው የኢንካ ምሽግ ሳክሳይዋማን ላይ ከመቶ ቶን በላይ እንደሚመዝን የሚገመት ድንጋይ አለ። እኔን ያስደነቀኝ ግን ትልቁ አይደለም፤ ቆሪካንቻ ነው። የፀሐይ ቤተ መቅደስ ነበር፤ ስፔናውያን ወርቁን ገፈው በላዩ የዶሚኒካን ገዳም ሠሩበት። በ1950 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ ከላይ ያለው የገዳሙ ግንብ ክፉኛ ፈረሰ፤ የሥሩ የኢንካ ግድግዳ ቆመ። ምክንያቱን እጅህን ስታስጠጋ ታገኘዋለህ፦ ግድግዳው ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ በሩና መስኮቱ ከታች ሰፋ ከላይ ጠበብ ያለ ነው፣ ድንጋዮቹም አንዱ ሌላውን ነክሶ ስለያዘ ሲናወጡ አብረው ተወዛውዘው ቦታቸው ይመለሳሉ። እኔ ብረትና ኮንክሪት የተማርሁ ሰው ነኝ፤ እዚያ ግድግዳ ሥር አንድ ሰዓት ተቀምጬ ዝም አልሁ።

የዳንግላ ልጅ

ግብርና ነው የተማርሁት፤ ድንጋዩን ለባለሙያው ትቼ ወደ ሆድ እመለሳለሁ።

ድንች የተገኘው ከዚያ ተራራ ነው። ወደ እኛ አገር ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር በ1858 እ.ኤ.አ. እንዳስገባው ይነገራል። እኛ ጥቂት ዓይነት እናውቃለን፤ እነርሱ ከአራት ሺህ በላይ አገር በቀል ዝርያ አላቸው። ሊማ ውስጥ ያለው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከልም ከሥራዎቹ አንዱ ይህንኑ ሀብት መጠበቅ ነው። በርበሬም ቢሆን ዘሩ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው። ከዚያ በፊት አያቶቻችን ወጣቸውን በምን እንደሠሩ ማሰብ ያስፈራኛል።

ገበያ ስትገቡ ጠጠር የመሰለ ጥቁር ነገር በጆንያ ታያላችሁ። ቹኞ ይባላል፤ ድንች ነው። በሰኔና በሐምሌ ውርጭ ሲወርድ ድንቹን ሜዳ ላይ አስጥተው ያሳድሩታል፤ ይበርዳል። ጠዋት ፀሐይ ሲያለሰልሰው በባዶ እግር ረግጠው ውኃውን ያወጡለታል። ይህ ለቀናት ይደጋገምና በመጨረሻ ፀሐይ ያደርቀዋል። ዓመታት ይቆያል፣ ነቀዝ አይደፍረውም። ኢንካዎች ሠራዊታቸውን የመገቡት በዚህ ነው። ኦያንታይታምቦ የሄደ ሰው ማዶ ገደሉ ላይ የተለጠፉትን የእህል ጎተራዎች አይቶ ይሆናል፤ ነፋስ በሚመታበት ቦታ የተሠሩት እህሉ ቀዝቅዞ እንዲቆይ ነው።

ለመንገድ ወዳድ ግን ዋናው ምክሬ ታርዊ ነው። ሳየው ልቤ ነው የደነገጠው፤ የግብጦ ዘመድ ነው! የእኛው ግብጦ መራራ ስለሆነ ተቀቅሎ ወይም ተቆልቶ ለቀናት ውኃ ውስጥ እንደሚከርመው ሁሉ፣ እነርሱም ታርዊን ቀቅለው በጆንያ ወንዝ ውስጥ ያኖሩታል። መራራው ሲወጣለት እንደ ለውዝ የሚበላ፣ ገንቢነቱ ከባቄላ የሚበልጥ ነው። የጾም ሥጋ ማለት ይህ ነው።

ሐይፋ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ወታደርነቴን ስጨርስ እንደ ብዙ የእስራኤል ወጣት ቦርሳዬን አንግቤ ደቡብ አሜሪካ ለአምስት ወር ዞሬአለሁ። ኩስኮ ውስጥ በዕብራይስጥ የተጻፈ ማስታወቂያ ማየት ያን ጊዜ ብርቅ አልነበረም። አማርኛ ተናጋሪ ግን እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ከጎንደር የመጣችው እናቴ በየቀኑ ስልክ እየደወለች «ምን በላህ?» ትለኝ ነበር።

እና ይህንን መጠየቅ አለብኝ፦ ወንድም የሽሮ ሜዳ ልጅ፣ አልፓካ በልተሃል? በየምግብ ቤቱ ይሸጣል፣ ሥጋው ለስላሳ ነው ይባላል። ግን አልፓካና ላማ የግመል ዘመዶች ናቸው፤ ያመሰኳሉ፣ ሰኮናቸው ግን የተሰነጠቀ አይደለም። በእኛም በእናንተም ኦሪት የተከለከለ ነው። ኩይማ ሳይነገር ይታወቃል፤ ከነጥርሱ ነው ተጠብሶ የሚመጣው።

የሽሮ ሜዳ ልጅ

ወይ ጉዴ። አልፓካ በልቻለሁ። ሁለት ጊዜ። ጠጉሩን አይቼ «በግ ቢጤ ነው» ብዬ ነበር፤ ግመል መሆኑን ማን ነገረኝ? ባለቤቴ ይህንን ስታነብ ከኋላዬ ቆማ «ሚስት ያልሰማ» ብላ ሄደች፤ እርሷ አልበላችም ነበር። ለንስሐ አባቴ እነግራቸዋለሁ፤ እስከዚያ እዚህ የምታነቡ የሲልቨር ስፕሪንግ ሰዎች ዝም በሉልኝ።

ኩይን ካነሣህ ግን የኩስኮ ካቴድራል ውስጥ ያለውን ሥዕል አይተሃል? ማርኮስ ሳፓታ የሚባል የአገሩ ሠዓሊ በ1753 እ.ኤ.አ. ገደማ የሣለው የመጨረሻው እራት ነው። ማዕዱ መካከል ሳህን ላይ በጀርባው የተንጋለለው ኩይ ነው፤ አራት እግሩን ወደ ላይ ሰቅሏል። መጀመሪያ ሳቅሁ። ኋላ ግን የእኛዎቹ ሠዓልያን ቅዱሳኑን በራሳችን ዓይንና በራሳችን ልብስ መሣላቸው ትዝ አለኝ። ሰውየው ጌታን በራሱ ቤት ነው ያስቀመጠው። ፎቶግራፍ ማንሣት ስለማይፈቀድ ላሳያችሁ አልቻልሁም።

መጽሐፍ አዟሪ

ብዙ ሰው የሚያልፈውን ቦታ ልጠቁም፤ ኩስኮ ውስጥ ካሳ ኮንቻ የተባለው ሙዚየም። ሂራም ቢንጋም የተባለው የዬል ዩኒቨርሲቲ መምህር በ1911 እ.ኤ.አ. ማቹ ፒቹን «አገኘሁ» አለ። ሲደርስ እርከኑ ላይ ገበሬዎች እያረሱ አገኛቸው፣ መንገዱንም ያሳዩት የአገሩ ሰዎች ናቸው። ግሽ ዓባይ ላይ «የዓባይን ምንጭ አገኘሁ» ያለው ጀምስ ብሩስም እንዲሁ ነው ያደረገው። ቢንጋም በቁፋሮ ያወጣውን የሸክላ ዕቃ፣ ጌጣጌጥና አጽም ወደ አሜሪካ ወሰደው። ፔሩ መቶ ዓመት ያህል ጠየቀች፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ስምምነት ተደርሶ ዕቃው በ2011 እና በ2012 እ.ኤ.አ. ተመለሰ። አሁን ያለው በዚያ ሙዚየም ነው። የመቅደላን ዕቃ ለሚያስብ፣ ታቦታቱ ሳይቀሩ እስካሁን ለንደን መቀመጣቸውን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ከማቹ ፒቹ ይልቅ ያ ቤት ይናገራል። እኔ የገባሁ ጊዜ ሰባት ሰው ብቻ ነበር፤ ውጭ አደባባዩ ላይ ሰው ይጋፋል።

ላሊበላን ያላየ

ይህችኛዋን አላውቅም ነበር። መቶ ዓመት ጠይቀው አገኙ? ደግ ነው። ስሜን እቀይራለሁ፤ ለጥምቀት ላሊበላ የመሄጃ ትኬት ቆርጫለሁ።

የሌሊት ሾፌር

ጋሼ፣ ተመልሰው ሲመጡ ክር ይክፈቱልን።

አንድ የረሳሁት፦ ሳክሳይዋማን፣ ፒሳክ፣ ኦያንታይታምቦ፣ ሞራይና ቺንቼሮ በአንድ የጋራ ትኬት ይታያሉ። እኛ ስንሄድ 130 ሶል ነበር፣ አሥር ቀን ይሠራል። ማቹ ፒቹንና ቆሪካንቻን አይጨምርም።

መንገድ ወዳድ

ከኡሩባምባ ነው የምጽፈው፤ ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው። በምክራችሁ መሠረት ከአየር ማረፊያው በቀጥታ ወረድሁ፣ እስካሁን ራሴን አላመመኝም። ቀኑ ፀሐይ ነው፣ ማታ ግን ጋቢዬን ባላመጣ ኖሮ አልቄ ነበር። ስሜም በሩ ላይ ሰላም አለፈ፤ የአያቴን ስም ጠባቂው ጮክ ብሎ አንብቦ አሣሣቀኝ።

ለዳንግላው ወንድሜ፦ ታርዊውን አገኘሁት። ገበያው ውስጥ አንዲት ባርኔጣ ያደረጉ እናት ነጫጭ ፍሬውን በባልዲ ይዘው ተቀምጠዋል። በሽንኩርት፣ በቲማቲም፣ በሎሚና በዚያ ክፉ ሮኮቶ አሽተው በሳህን ይሰጣሉ። ቆርጠም ስታደርገው ግብጦ ነው፣ መራራ የለውም። ውኃ ውስጥ ስንት ቀን እንደሚቆይ በጣቴ ብጠይቃቸው እርሳቸውም በጣታቸው ስድስት አሳዩኝ፤ ከዚያ ስለ አገሬ የጠየቁኝ መሰለኝና ስልኬ ላይ የአያቴን ፎቶግራፍ ከነነጠላቸው አሳየኋቸው። ደስ አላቸው። በጣም ደስ ስላላቸው፣ አፌን ከመክፈቴ በፊት፣ ከጎናቸው ካለው ጥቅል ወፍራም አይብ ቆርሰው ሳህኔ ላይ ከመሩልኝ።

ያንን ሳህን አጠገቤ ለተቀመጠ ልጅ ሰጠሁት። ሁለተኛውን «ሲን ኬሶ! ሲን ኬሶ!» እያልሁ፣ ሳህኑን በመዳፌ ከድኜ ነው የበላሁት።